ሁልጊዜ በዚህ ክፈት

የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አይቲ ክፍል ነው። አይቲ ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ እና መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነን። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ነገር ሲበላሽበት ብቻ ነው። ከሚመጡት ውስጥ ደግሞ ገሚሱ ምንም አልተበላሸባቸውም። "ፋይሌ አልከፍት አለኝ" ይላሉ፣ ሄጄ አያለሁ፣ ፋይሉ ደህና ነው። ሊከፍተው የሚታገለው ፕሮግራም ነው የተሳሳተው።

ነገሩን አስቀድሜ ላስረዳ፤ አለዚያ በኋላ የምናገረው አይገባም። እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቧ በኋላ፣ ሦስት አራት ፊደል አለችው። ጭራ በሏት። ኮምፒውተሩ የፋይሉን ሆድ ከፍቶ አይመረምርም፤ የሚያየው ጭራዋን ነው። "ይህን ጭራ ያየህ እንደሆነ ለእንትና ፕሮግራም ስጥ" የሚል ትእዛዝ አለው፣ ይሰጣል፣ በቃ። ትእዛዙን አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ይዞት ይመጣል። አንዳንዴ ትናንት የተጫነ ፕሮግራም ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን ይሾማል። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ነው የሚያዘው። የማያውቀው ጭራ ሲመጣበት ኮምፒውተሩ በጨዋ ደንብ "በምን ልክፈተው?" ብሎ ይጠይቃል። ከጥያቄው ሥር "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ሰዉ ግን መቼ ያነባል! ፊት ለፊት ያገኘውን ይነካል፣ ሳጥኗ ላይ ራይት ያደርጋል፣ "እሺ" ይላል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ አይጠይቅም።

ከዚያ ደሜን የሚያፈላው ነገር ይመጣል። ያ ጭራ ያላቸው ፋይሎች ሁሉ ምልክታቸው ባንድ ጊዜ ይቀየራል፤ ፎቶው ሁሉ የሌላ ነገር መልክ ይይዛል። ይሄኔ "ቫይረስ በላው!" ይባላል። እዚህ አገር ለቫይረስ የሚታወቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ሁሉም ይጥፋና እንደ አዲስ ይጀመር ነው እኮ! ኧረ ባካችሁ፣ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት ይፈርሳል ወይ እላቸዋለሁ። ካዛንቺስ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ግማሹ ሰፈር ፈርሷልና።

እናቴ የምትኖረው ቂርቆስ ነው፣ እኛ በተወለድንበት ቤት። ልብስ ሰፊ ናት። እርጅና መጣ፣ ተይ ብንላትም የሰፈር ሙሽራ አትመልስም። ባለፈው ዓመት ራሷን ያማት ጀመር። ራሱን የማያመው ማን አለ ብለን ዝም አልን። ቆይቶ ግን መርፌው ከቀኝ እጇ እየሾለከ ይወድቅባት ጀመር። አንድ ቀን ቁልፍ መትከል አቅቷት ቁጭ ብላ ጣቶቿን ስታያቸው ደረስኩ። ያኔ ደነገጥኩ። ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ሐኪሙ የጭንቅላት ኤምአርአይ ትነሣ አለ።

ተነሣች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። "ሁለተኛ እዚህ ውስጥ የምታስገቡኝ ከሆነ ልጆቼ አይደላችሁም" አለችን። "ከነነፍሴ ቀበራችሁኝ እኮ! ጭራሽ ከላይ ይቀጠቅጡታል!" ታላቅ ወንድሜ አንዴ ብቻ ነው፣ አይደገምም ብሎ ማለላት።

የምርመራ ቤቱ ምስሉን የሰጠን በሲዲ ነው። ሲዲ! በዚህ ዘመን ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ያለው ማነው? ሐኪሙም የለውም። ከሲዲው ጋር የመጣችውን ወረቀት አየት አደረገና "ይህ አይበቃኝም፤ ምስሉን በዓይኔ ሳላይ ምንም አልልም። በፍላሽ አምጡልኝ" አለን።

ነገሩን ታላቅ ወንድሜ ያዘው። ለገሃር አካባቢ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ጋሽዬ ነው የምለው። አባባ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እድሩም፣ ሐኪሙም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም። ማንም አልመረጠውም። እሱ ጀመረው፣ እኛም ለመድነው።

እናቴ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ የቀሚስ ዲዛይን የምታይበት። ሲዲ ያነባል። ጋሽዬ ሲዲውን እዚያ ላይ ገልብጦ አንዱን ፋይል ሲነካው ኮምፒውተሩ ጠየቀው። "በምን ልክፈተው?" ጋሽዬ የመኪና ሞተር በድምፁ ብቻ ምኑ እንደታመመ ይለያል፤ የኮምፒውተር ጥያቄ ሲመጣበት ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ፊት ለፊት ያገኘው የዘፈን ማጫወቻውን ነው። ነካው፣ ሳጥኗ ላይ ራይት አደረገ፣ "እሺ" አለ። ያ ሁሉ ምስል ባንድ ጊዜ የዘፈን ምልክት ለበሰ። የቱንም ቢነካ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ድምፅ የለ፣ ምስል የለ።

ቢሮ ደወለልኝ። "ባዶ ሲዲ ነው የሰጡን! ሌቦች!"

"ቆይ ጋሽዬ፣ ምን ይላል ስትከፍተው?"

"ምንም አይልም። ወይ ደግሞ ቫይረስ ነው። ሱቄ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን አለ፤ አምጣውና ፎርማት ላድርግልህ ብሎኛል።"

"እንዳትነካው!" ብዬ ጮኽኩ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ለካስ እኔ ጋ ከመደወሉ በፊት ምርመራ ቤቱ ጋ ደውሎ ተጣልቷቸዋል። እነሱም ከመጨቃጨቅ ብለው "ያምጧትና በድጋሚ እናነሣታለን" ብለውታል። ይህን ሁሉ ሲነጋገር እናቴ አጠገቡ ነበረች። ከቢሮ ወጥቼ እናቴ ቤት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተኝታለች። "አልገባም" አለችኝ ሳትዞር። "ብሞትም እዚሁ ልሙት እንጂ እዚያ ቱቦ ውስጥ አልገባም።" ቀልዷን አልነበረም። ምስል ከሌለ ሐኪሙ አይናገርም፣ እሷ ደግሞ አትገባም።

ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጭራዋን አየኋት፣ ወዲያው ገባኝ፤ የሕክምና ምስል ጭራ ናት። ወይ ጋሽዬ! ብቻዬን ስስቅ እናቴ ቀና አለች።

"ምንድን ነው የሚያስቅሽ?"

"ምንም አልጠፋም እማዬ። ጋሽዬ ያንቺን ፎቶ ለዘፈን ማጫወቻው ሰጥቶት ነው።"

"ጭንቅላቴን?"

"ጭንቅላትሽን።"

"ውይ አበስኩ ገበርኩ! ምን ብሎ ሊዘፍን ኖሯል?" አለችና እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በስልኬ ኢንተርኔት የሕክምና ምስል የሚከፍት ነፃ ፕሮግራም አወረድኩ፣ ጫንኩት፣ አንዱን ፋይል ራይት ክሊክ አድርጌ አዲሱን ፕሮግራም መረጥኩለት። ሳጥኗ ላይም ራይት አደረግኩ። ይህ የሥራ ልማዴ ነው። ዛሬ ብቻ ክፈት ያልኩት እንደሆነ ነገ መልሰው ይጠሩኛል።

ልከፍተው ስል በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ነው። እናቴ ወጣች። እኔ ከፈትኩት።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። ከግራ ጆሮዋ ከፍ ብሎ ሎሚ የሚያክል ነጭ ነገር ተቀምጧል። በቀኙ በኩል ምንም የለም። ዘጋሁት፣ በፍላሽ ገለበጥኩት፣ ስትመለስ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜአለሁ።

"ተከፈተ?"

"ገና ነው እማዬ። ቢሮ ወስጄ ልሞክረው።"

አፌ ላይ የመጣልኝ ይህ ነው። ታክሲ እስክይዝ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከጋሽዬ ጋር ሐኪሙ ጋ ሄድን። እሷን አላመጣናትም። ሐኪሙም የት አለች አላለም። ምስሉን አገላብጦ አየና ለጋሽዬ አስረዳው፤ እኔ ከጎን ተቀምጬ ሰማሁ። ዕጢ ነው፣ ከአንጎሉ ውጪ ካለው ሽፋን ላይ የበቀለ ነው፣ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይሆንም፣ ግን ቀኝ እጇን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ተጭኖታል። ቢወጣ ይሻላል፤ ጭንቅላት ነውና አደጋ የለውም አልላችሁም አለ። "ተነጋገሩበትና አሳውቁኝ" ብሎ ሸኘን።

ደረጃው ላይ ተጣላን።

"አይነገራትም" አለ ጋሽዬ።

"ምን ማለት ነው አይነገራትም? የሷ ጭንቅላት አይደለም እንዴ?"

"ከሰማች ትወድቅብናለች። ሳይነስ ነው ብለን ቀዶ ሕክምና እናስገባታለን፣ ተሠርታ ስትወጣ ይነገራታል። እስከዚያ ሲዲው አልተከፈተም በያት። ዝም አይነቅዝም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውንስ ማን ተረተው?"

"አባባን አስታውሺ። አልነገርነውም፣ በሰላም አረፈ።"

አባባን ጨጓራ ነው እያልን ነው የቀበርነው። እስከ መጨረሻው መቼ ነው ሥራ የምመለሰው እያለ ይጠይቀን ነበር። "በሰላም ማረፉን ማን ነገረህ?" አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽዬን እወቅሰዋለሁ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። በእኛ ቤት፣ በብዙ ሰው ቤትም፣ ክፉ ነገር ለዘመድ ይነገራል እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። ማን እንደጀመረው እንጃ። እንደገና ቁጭ ብሎ ይህ ነገር ትክክል ነው ወይ ያለ ሰው አላየሁም።

እኔም እሺ አልኩ። እየተናደድኩ ነው፣ ግን እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። "ተከፈተ?"

"አልተከፈተም እማዬ።"

"ያን ዕለት ደህና ነው አላልሽም እንዴ?"

"ደህና ነው፣ ማለቴ… ፕሮግራሙ ነው ያስቸገረው።"

"ታዲያ አንቺን ለምንድን ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?" ትለኛለች። ለመሳቅ እሞክራለሁ። ስልኩን ዘግቼ የሰው ፋይል ልከፍት ወደየፎቁ እወጣለሁ። ስንቱን ከፈትኩ! አንድ ሪፖርት አልከፍት ብሎት ሲያለቃቅስ የነበረ ሰው ምርቃቱን አዥጎደጎደልኝ፣ እኔ ደግሞ አሜን ማለት አቃተኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጋሽዬ ጋር እናቴ ቤት ሄድን። ጋሽዬ መንገዱን ሙሉ የሳይነሱን ነገር ሲያጠና ነበር፤ እንዴት እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚል። ገባን። እናቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። ቀሚስ እያየች መስሎኝ "እንዴት አደርሽ" ብዬ ልስማት ጎንበስ አልኩ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጭንቅላቷ ነው። ያ ነጩ ነገርም አለ።

"ማን ከፈተልሽ?" አለ ጋሽዬ፤ ድምፁ ወጥቶ አልወጣም።

"ማን ይከፍትልኛል? ራሴ ነኛ። ሁለቴ ነካሁት፣ ተከፈተ።" ቀስ ብላ ዞረች። "አልከፍት ያለው እናንተ ጋ ነው እንጂ እኔ ጋማ ከፈተ።"

ያደረግኩት ያኔ ታወቀኝ። ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ በዚህ ክፈት ብዬዋለሁ። ለእማዬ ሲሆን ግን አትክፈት አላልኩትም። ፋይሎቹም እዚያው፣ ከቀሚሶቿ ፎቶ ጎን ነበሩ፤ ስሟ ተጽፎባቸው።

"መቼ አየሽው?" አልኳት።

"ረቡዕ። እንዴት ነው ይህ ነገር ብዬ ነካ ባደርገው ብድግ ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠበቅኳችሁ፤ ማንኛቸው ይነግሩኝ ይሆን ብዬ። ጠዋት ጠዋት አልጠየቅኩሽም?"

ከረቡዕ በኋላ ስትደውል እያወቀች ነበር ማለት ነው። ደሞዝ ለምን ይከፍሉሻል ያለችኝም እያወቀች ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በመርፌ ጣቷ ስክሪኑን ነካችው። "ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ልብስ ቢሆን ይህን ለባለቤቱ አላስረክብም። ምንድን ነው?"

"እማዬ፣ ሐኪሙ እንዳለው ይህ ሳይነስ የሚባል…" ብሎ ጀመረ ጋሽዬ።

"ዝም በል!"

አባባ ከሞተ ጀምሮ በጋሽዬ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"አባታችሁን ጨጓራ ነው ስትሉት እኔም አብሬያችሁ ብዬዋለሁ" አለች። "ያውቅ ነበር። እናንተ ስትሄዱ እጄን ይዞ፣ 'አንቺ እንኳ አትነግሪኝም?' ይለኝ ነበር። ጨጓራ ነው አልኩት። ሰውየው ብቻውን ነው የሞተው። እኛ ሁላችን ከብበነው ቆመን ብቻውን ነው የሞተው። እኔን እንደዚያ አታድርጉኝ።"

ጋሽዬ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባባ ሲቀበር እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። እናቴ አላባበለችውም፤ እስኪወጣለት ጠበቀችው። ከዚያ "በል አሁን ንገረኝ" አለችው። ነገራት። እየተደነቃቀፈ፣ ግን ምንም ሳያስቀር ነገራት። በመሃል ሁለቴ ውኃ ጠጣ፤ እሷ አንዴም አልጠጣችም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስታችንም ሄድን። ኡራኤል ጋ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆምን፤ እናቴ በታክሲው መስኮት የሰው ቀሚስ እያየች "ይቺን ማነው የሰፋት፣ ጎኗ ተሸብሽቧል" ትላለች። እኔ በየደቂቃው ሰዓት አያለሁ። እሷ ስለ ቀሚስ ታወራለች።

ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ሦስት ወንበር ነበር። እናቴ የፊተኛውን ያዘች። ሐኪሙ በአክብሮት ብድግ ብሎ "እማማ፣ እንዴት ነዎት" አላትና ተቀመጠ፤ ከዚያ በእሷ አናት ላይ አሻግሮ ወደ ጋሽዬ እያየ "እንግዲህ ባለፈው እንደነገርኩህ…" ብሎ ጀመረ።

"ልጄ" አለችው እናቴ።

"አቤት እማማ።"

"ጭንቅላቱ የኔ ነው። ለኔ ንገረኝ።"

ሐኪሙ ጋሽዬን አየው። ጋሽዬ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ጊዜ ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው፣ ወንበሩንም ስቦ ተጠጋ፤ ከመጀመሪያው ጀመረላት። እናቴ ከመሃል አቋረጠችው።

"ካልተቀደደ ምን እሆናለሁ?"

"እጅዎ እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ እግር፣ ከዚያ ንግግር። ቀስ እያለ ነው፤ ግን አይቆምም።"

"ከተቀደደስ?"

"ብዙ ሰው ይድናል። ግን አልዋሽዎትም፤ እጅዎ ላይመለስ ይችላል። ሲብስ ደግሞ ላይነቁ ይችላሉ።"

እናቴ ስክሪኑን አየች፣ እጇን አየች።

"የምትሰፋው አንተ ነህ ወይስ ተማሪ?"

ሐኪሙ ሳያስበው ፈገግ አለ። "እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ጠዋት አድርገው። ከሰዓት በኋላ የተሰፋ ነገር አላምንም፤ ዓይን ይደክማል።"

"የመጀመሪያዋ እርስዎ ይሆናሉ።"

"ይሁን" አለች።

ሐኪሙ ከመሳቢያው የስምምነት ወረቀቱን አወጣ፤ እንደ ልማዱ በእናቴ ፊት አሳልፎ ለጋሽዬ ሰጠው፣ ስክሪብቶውንም ጨምሮ። ጋሽዬ ተቀበለ። እንዲያውም የስክሪብቶውን ክዳን ከፍቷል። ከዚያ ቆም አለ። ወረቀቱን አዞረና እናቴ ፊት አስቀመጠው፣ ጠርዙን እንዳይንሸራተት በጣቱ ያዘላት።

ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ በዚያች እጇ ጻፈችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ ማናችንም አልረዳናትም።